እየተጻፈበት ያለ ደብተር አይታረምም፦ «ሰርቨሩን ሳታጠፉ ዲስኩን ጠግኑ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አንደኛው «አንተ ነህ እንዴ ስታካብድ የነበርከው?» የሚል ጨምሮበታል። ጽሑፉ የሊኑክስ ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ሰዎችን ይመክራል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ የፋይል ሲስተም (ዲስክ ላይ ፋይሎች የሚመዘገቡበት ሥርዓት) መመርመሪያና መጠገኛውን ኤፍኤስሲኬን ዲስኩ ማውንት እንደተደረገ (ከሲስተሙ ጋር ተያይዞ ለሥራ እንደተከፈተ)፣ ሰርቨሩም ሥራ ላይ እያለ ማስኬድ ይቻላል። ሰርቨር ማጥፋት ድሮ ቀረ ይላል።

በቅን ልብ እንደተጻፈ አልጠራጠርም። ጸሐፊው ሥራውን የሚያውቁ ሰው ናቸው። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቢሮው ሁሉ «ሲስተም መቼ ነው የሚነሳው?» እያለ የሚያዋክበውን ሰው ጭንቀት በደንብ ገልጸውታል። ዋናው ምክራቸው ግን አደገኛ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ላስቀምጠው። የዛሬ ፋይል ሲስተሞች ጆርናል (ሊጻፍ ያለው ለውጥ አስቀድሞ የሚመዘገብበት ማስታወሻ) ስላላቸው በመሀል የሚፈጠረውን ግጭት ጆርናሉ ያስተካክለዋል ይላሉ። ሊኑክስ ላይ ኤፍኤስሲኬም ከርነሉም (የሲስተሙ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) ዲስኩን የሚያዩት በአንድ ካሽ (ከዲስክ የተነበበው ራም ውስጥ የሚቆይበት ቦታ) በኩል ስለሆነ አይጋጩም ይላሉ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዋናውን ፋይል ሲስተም ማውንት አድርጎ ይመረምረው የለም ወይ? ብለው ይጠይቃሉ። ለጥንቃቄ ያህል መጀመሪያ ምንም በማይነካው በ«ኤን» ምርጫ አስኪዱት፣ ስህተት ካሳያችሁ ለሁሉም ጥያቄ አዎ በሚለው በ«ዋይ» ጠግኑ ይላሉ። ዊንዶውስና ዜድኤፍኤስ የተባለው ፋይል ሲስተም ሥራ ላይ እያሉ ራሳቸውን እንደሚጠግኑም ያነሳሉ። ሰርቨር ማቆም ከስጋቱ የበለጠ ያስከፍላል፤ እኔም ብዙ ጊዜ አድርጌው ምንም አልደረሰብኝም ብለው ይዘጋሉ።

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ቶሎ ያልቃል። ምንም አልደረሰብኝም ማለታቸውን አምናቸዋለሁ። ጤነኛ በሆነና ብዙ በማይጻፍበት ዲስክ ላይ ኤፍኤስሲኬ የሚያርመው ነገር ስለማያገኝ የሚጽፈውም የለውም። ችግሩ ደርሶም ከሆነ ደግሞ ያን ቀን ላይታይ ይችላል። ሁለት ፋይሎች አንድ ቦታ ላይ ተደራርበው ቢጻፉ የሚታወቀው አንዱን የከፈታችሁት ቀን ነው። ያ ቀን ከስድስት ወር በኋላ ሊሆን ይችላል።

የነገሩ ሥር ያለው ካሹ ላይ ነው። እዚህ ትንሽ ልቆይ።

የሰፈራችሁን ባለሱቅ አስቡት። የዱቤ ደብተር አለው። ሰው ሲበዛበት ማን ምን እንደወሰደ በቃሉ ይይዝና ፋታ ሲያገኝ ይጽፈዋል። ስለዚህ ደብተሩ ሁልጊዜ ከጭንቅላቱ ትንሽ ወደኋላ የቀረ ነው። አሁን ልጁ ከጓዳ ወጣ። ደብተሩን ገለጠና «ይሄ ድምር አይገጥምም» ብሎ፣ አባቱን ሳይጠይቅ፣ በላጲስ እያጠፋ ማስተካከል ጀመረ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ድምር አይሳሳትም። አባትየው ማታ ተቀምጦ በቃሉ የያዘውን ያንኑ ገጽ ላይ ይጽፍበታል። ጠዋት ላይ ያ ደብተር የልጁም እርማት፣ የአባትየውም ሒሳብ አይደለም።

አባትየው ከርነሉ ነው። ኤክስት4፣ ማለትም ሊኑክስ ላይ የተለመደው ፋይል ሲስተም፣ ማውንት ሲደረግ ከርነሉ የፋይሎቹን መዝገብ፣ የፎልደሮቹን ስም፣ የትኛው ቦታ ባዶ እንደሆነ የሚያሳየውን ካርታ ራም ውስጥ ይይዛል። የተለወጠውን ወዲያው ዲስክ ላይ አይጽፍም። አቀማመጡ ካልተነካ ጆርናሉን በየ5 ሰከንዱ ያሰፍራል፤ የፋይል ይዘት ደግሞ ወደ 30 ሰከንድ ድረስ ራም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ጭራሽ አዲስ የተጻፈ ነገር ዲስኩ ላይ የት እንደሚያርፍ እንኳ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አይወስንም። ኤፍኤስሲኬ ደግሞ ልጁ ነው። ከርነሉን ምንም ሳይጠይቅ በቀጥታ ዲስኩ ላይ ያነባል፣ በቀጥታ ዲስኩ ላይ ይጽፋል።

አንድ ጉዳይ ከቅርብ እንየው። ዌብ ሰርቨር የሎግ ፋይል ከፍቶ እየጻፈ ነው። እናንተ ዲስኩ ሞላ ብላችሁ ፋይሉን አጠፋችሁት። ስሙ ከፎልደሩ ወጣ። ፋይሉ ግን አልሞተም፤ ፕሮግራሙ እስኪዘጋው ድረስ ከርነሉ ቦታውን ይዞለት ይቆያል። ይህ በየቀኑ የሚሆን፣ ፍጹም ጤነኛ ነገር ነው። ኤክስት4 እንዲህ ያለውን ፋይል «ወላጅ አልባ» ብሎ ለብቻው ይመዘግበዋል። ኤፍኤስሲኬ መጥቶ ሲያየው ስም የሌለው፣ የትም ያልተንጠለጠለ ፋይል ነው። ከአደጋ የተረፈ ቅሪት ይመስለዋል። ያጸዳዋል፤ ቦታውንም ዲስኩ ላይ ባለው ካርታ «ባዶ» ብሎ ይመዘግበዋል።

ዌብ ሰርቨሩ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ መጻፉን ቀጥሏል። ከርነሉ ያንን ካርታ እንደገና ከዲስኩ ያነበበ ጊዜ ደግሞ «እዚህ ጋ ባዶ ቦታ አለ» ብሎ ለሌላ ፋይል ይሰጠዋል። ለምሳሌ ለደንበኛ ደረሰኝ። ከዚያ በኋላ ሎግ በተጻፈ ቁጥር የሚጻፈው ደረሰኙ ላይ ነው። ኧረር የሚል መልእክት የለም፣ ቀይ መብራት የለም። ሒሳብ ሠራተኛዋ ፋይሉን ስትከፍት ግማሹ የአይፒ አድራሻ ሆኖ ታገኘዋለች።

ጸሐፊው «ካሹ አንድ ነው» ሲሉ ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ይህንን ልመንላቸው። ሊኑክስ ላይ ኤፍኤስሲኬ የሚጽፈውና ኤክስት4 የዲስኩን መዝገብ የሚያነብበት ጥሬ ካሽ በእርግጥም የጋራ ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ግን ከርነሉ ሥራውን የሚሠራው ከጥሬው ገጽ ላይ አይደለም። ከዚያ አንብቦ፣ ተርጉሞ፣ የራሱን ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀምጧል። የተከፈተ ፋይል መዝገብ የራሱ ቅጂ አለው፣ የፎልደር ስም የራሱ ቅጂ አለው፣ የባዶ ቦታው ካርታም ለፍለጋ እንዲመች ተደርጎ እንደገና ተሠርቶ ተቀምጧል። ጥሬው ገጽ ከሥሩ ቢለወጥ እነዚህ ቅጂዎች አይሰሙም። ደብተሩ አንድ መሆኑ ባለሱቁ የልጁን እርማት አይቷል ማለት አይደለም።

እንዲያውም ኤክስት4 አንዳንዴ ራሱ ይነቃበታል። በካርታው ላይ የቆጠረው ባዶ ቦታና በመዝገቡ የተጻፈው ቁጥር አልገጠመም የሚል መልእክት ከርነሉ ሎግ ላይ ይጥላል። ከዚያ እንደ አቀማመጡ ፋይል ሲስተሙን ለንባብ ብቻ አድርጎ ይዘጋዋል። ሰርቨሩን ላለማቆም ብላችሁ የጀመራችሁት ሥራ በራሱ ሰዓት ያቆማችኋል ማለት ነው።

ወደ ጆርናሉ እንምጣ። ጆርናል ትልቅ ነገር ነው። የኤክስት4 ቀዳሚ የሆነው ኤክስት3 በፈረንጆቹ 2001 ወደ ሊኑክስ ከርነል ሲገባ፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሙሉ ምርመራ መጠበቅን አስቀርቶልናል። ለእንደኛ ዓይነቱ አገር ውለታው ቀላል አይደለም። ግን የሚጠብቀው ከአንድ ነገር ነው፦ ከርነሉ ጀምሮት ከተቋረጠ ሥራ። የተጀመረው ወይ ሙሉ ለሙሉ ይፈጸማል ወይ ይሰረዛል። ኤፍኤስሲኬ የሚያደርገው እርማት በከርነሉ ጆርናል በኩል አያልፍም። ጆርናሉ ስለማያውቀው ነገር ሊያስተካክል አይችልም።

ይባስ ብሎ ሁለቱ ይጣላሉ። ኤክስት4 ማውንት እንደተደረገ «ጆርናሉ ውስጥ ገና ያልተወራረደ አለ» የሚል ምልክት ዲስኩ ላይ አለ፤ እስክታወርዱት፣ ማለትም ማውንቱን እስክትፈቱት፣ ድረስ አይነሳም። ለመጠገን የገባ ኤፍኤስሲኬ ይህን ምልክት ሲያይ የመጀመሪያ ሥራው ጆርናሉን ራሱ ማወራረድ ነው። የሚያወራርደው ከርነሉ በዚያች ቅጽበት እየጻፈበት ያለውን ጆርናል ነው! ጨርሶ ደግሞ «ባዶ ነው» ብሎ ምልክት ያደርጋል። በሌላ በኩል ከጥገናው በኋላ መብራት ቢሄድ፣ ሲመጣ ጆርናሉ ውስጥ የቀረው የቆየ ቅጂ ኤፍኤስሲኬ ባረመው ላይ ሊጻፍበት ይችላል። ጸሐፊው መድኃኒት ያሉት ነገር እዚህ ጋ የበሽታው አካል ነው።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ ስለሚሆነው ያነሱት ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም ስጀማምር ግራ ያጋባኝ ነበር። ልዩነቱ አንድ ቃል ነው፦ ማውንት የሚደረገው ለንባብ ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት አባትየው ሱቁን አልከፈተም። የሚጻፍ ዱቤ የለም። እንደዚያም ሆኖ ኤፍኤስሲኬ ዋናው ፋይል ሲስተም ላይ አንድ ነገር ካረመ በኮከብ ምልክት አጅቦ «ሲስተሙን ሪስታርት አድርግ» ይላል፤ ለዚሁ ብቻ የተመደበ የመውጫ ኮድም አለው፣ 2 ቁጥር። ለንባብ ብቻ እንኳ ቢሆን ከርነሉ ያነበበው አሮጌ ቅጂ ራም ውስጥ ስላለ ነው። ዛሬ ደግሞ ብዙዎቹ ሊኑክሶች ይህንንም ትተውት፣ ዋናው ፋይል ሲስተም ማውንት ከመደረጉ በፊት ይመረምሩታል።

እዚህ ላይ ከጉዳዩ ትንሽ ልውጣ። የድሮው ዩኒክስ ኤፍኤስሲኬ ዋናውን ፋይል ሲስተም ካረመ በኋላ በትልልቅ ፊደል «ዩኒክስን አስነሳ፣ ሲንክ እንዳታደርግ!» የሚል መልእክት ያወጣ ነበር። ሲንክ ማለት ራም ውስጥ ያለውን ወደ ዲስክ ጻፍ የሚል ትእዛዝ ነው። በደህናው ቀን ማሽን ከማጥፋት በፊት የሚደረግ የጨዋ ሥራ ነው። እዚህ ጋ ግን የተከለከለ ሆነ፤ ምክንያቱም ከርነሉ በቃሉ የያዘውን የተሳሳተ መዝገብ የታረመው ላይ መልሶ ይጽፍበታል። ማሽኑን በአንድ ጊዜ ድርግም አድርጎ ማጥፋት ይሻል ነበር። ስለዚህ ጸሐፊው «የዘመናችን ስጋት አይደለም» ያሉት ነገር ከኤፍኤስሲኬ ጋር አብሮ ያደገ ነው።

አሁን ወደ «ኤን» እንሂድ። ከጽሑፉ ሁሉ በጣም ያስጨነቀኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ጥንቃቄ ይመስላል።

«ኤን» ምንም እንደማይጽፍ ትክክል ናቸው። ብቻውን ከሆነ ጉዳት የለውም። ግን የኤፍኤስሲኬ መመሪያ ራሱ ቀጥሎ ምን ይላል? ፋይል ሲስተሙ ማውንት ከተደረገ የሚወጣው ውጤት ዋጋ የለውም ይላል። ለምን እንደሆነ አሁን ግልጽ ይመስለኛል፤ ጆርናሉን ዘልሎ፣ ወደኋላ የቀረውን ደብተር እያየ ነው የሚፈርደው። ባዶ ቦታ ቁጥሩ አይገጥምም፣ ወላጅ አልባ ፋይሎች አሉ፣ የማጥፊያ ሰዓት ያልተጻፈለት የጠፋ ፋይል ተገኘ ይላል። ሁሉም ጤነኛ ሰርቨር ላይ የሚወጡ መስመሮች ናቸው።

ይህን ያወቅሁት ከመመሪያ አይደለም። ከዓመታት በፊት የአንድ ትንሽ ቢሮ ሰርቨር እይዝ ነበር፤ ስሙን ልተወው። አርብ ከቀኑ ወደ 11 ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ መጣ። የዩፒኤሱ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ያም የእኔው ጥፋት ነው። ሰርቨሩ ተነሳ፣ ሰዎቹም ሥራቸውን ቀጠሉ። እኔ «ለማንኛውም ልየው» ብዬ በ«ኤን» አስኬድሁት። ስክሪኑ በስህተት ተሞላ። ደነገጥኩ። ቢሮው እስኪዘጋ መጠበቅ አቃተኝ።

ያን ጊዜ የነበረው ስሪት ማውንት የተደረገ ዲስክ ላይ ለመጠገን ሲጠየቅ ቢፕ ቢፕ እያለ ይጮህ ነበር። ቀጥሎ «ከቀጠልክ ፋይል ሲስተሙን ክፉኛ ታበላሻለህ» ብሎ በሦስት የቃለ አጋኖ ምልክት ያስጠነቅቃል። «በእርግጥ ልቀጥል?» ይላል፤ ዝም ብላችሁ ኢንተር ብትነኩ መልሱ አይሆንም ነው። እኔ ዋይን ነካሁ።

ለጥቂት ደቂቃ ምንም አልሆነም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ከሒሳብ ክፍል «ሴቭ አላደርግም አለኝ» የሚል ድምፅ መጣ። ፋይል ሲስተሙ ራሱን ለንባብ ብቻ አድርጎ ዘግቷል። አውርጄ በትክክል ሳስመረምረው የወዳደቁ ፋይሎች የሚጣሉበት ፎልደር ስም በሌላቸው፣ ቁጥር ብቻ በሆኑ ፋይሎች ተሞላ። የሒሳቡ ዳታቤዝ አልተከፈተም። የነበረን ባክአፕ የረቡዕ ነው። ቅዳሜን ሁለት ሠራተኞች የሁለት ቀን ደረሰኝ እንደገና ሲመቱ ዋሉ፤ እኔ ምሳ ገዛሁ።

የሚቀጥለው ሳምንት ነው ዋናው ትምህርት የመጣው። ምንም ችግር የሌለበት፣ መብራትም ያልሄደበት ሌላ ሰርቨር ላይ፣ ሰው እየሠራበት፣ በ«ኤን» ብቻ አስኬድሁ። ያው ነው! ያንኑ የመሰለ የስህተት ዝርዝር። አርብ ዕለት ዲስኩ ጭራሽ ያልተበላሸ ሊሆን ይችላል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉት ይሄ ነው። የጸሐፊው አራተኛ ነጥብ፣ በ«ኤን» አይታችሁ በ«ዋይ» ጠግኑ የሚለው፣ ይህን ታሪክ ደረጃ በደረጃ እንድትደግሙት የሚጋብዝ ነው።

አዲሶቹ ስሪቶች ጥያቄም አይጠይቁም፤ ዲስኩ ሥራ ላይ ከሆነ «መቀጠል አልችልም» ብለው ይወጣሉ። ጽሑፉ ይህን ለማለፍ የሚያስችል ዘዴ አሳይቷል፤ እዚህ አልደግመውም። በ2024 የወጣው ከርነል 6.8 ደግሞ ማውንት በተደረገ ዲስክ ላይ ከጎን መጻፍን ጨርሶ ለመከልከል የሚያስችል ምርጫ ይዞ መጥቷል። ከርነሉን የሚሠሩት ሰዎች አቅጣጫቸው ወዴት እንደሆነ ይናገራል።

ዊንዶውስንና ዜድኤፍኤስን በሚመለከት ያነሱት እውነት ነው፣ የደረሱበት መደምደሚያ ግን አይከተልም። ዜድኤፍኤስ ኤፍኤስሲኬ የሚባል ነገር የለውም። የሚመረምረውም የሚያርመውም ፋይል ሲስተሙ ራሱ ነው፤ ባለሱቁ ራሱ፣ በቃሉ የያዘውን እያወቀ፣ የራሱን ደብተር ያስተካክላል። ኤክስኤፍኤስ የተባለው ሌላ የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ላይ የመጣው ሥራ ላይ እያሉ መጠገንም በዚያው በከርነሉ በኩል ነው። ከውጭ የሚገባው የኤክስኤፍኤስ መጠገኛ ግን ማውንት የተደረገ ዲስክ ሲያገኝ እምቢ ይላል። ዊንዶውስም ቢሆን ሲ ድራይቭ ላይ የዲስክ መመርመሪያውን ቼክዲስክን በ«ኤፍ» (ጠግን በሚለው ምርጫ) ብትሉት ዲስኩ ሥራ ላይ ነው፣ ሲነሳ ልመርምረው ወይ? ብሎ ይጠይቃችኋል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ፍለጋውን ሥራ ላይ እያለ ያደርግና የቀረችውን ጥገና ዲስኩን ለአጭር ጊዜ አውርዶ ይጨርሳል። ፍሪቢኤስዲ የሚባለው የዩኒክስ ዝርያም ከ2003 ጀምሮ ከበስተጀርባ የሚሄድ ኤፍኤስሲኬ አለው፤ እሱ ግን የሚመረምረው ስናፕሾት (በአንድ ቅጽበት የተነሳ የዲስኩ ምስል) ነው፣ የሚመልሰውም የባከነ ቦታን ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈ ነገር ሲያገኝ በእጅ ሙሉ ምርመራ ይጠይቃል።

የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው፣ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር የምስማማው ብዙ ነው። ሰርቨር ማቆም ያስከፍላል። አለቃ ሃያ ደቂቃን እንደ ሃያ ቀን ነው የሚያየው። ግን ስጋት የገባው ሰው ያለው ምርጫ እነዚህ ሁለቱ ብቻ አይደሉም።

ዲስኩ በኤልቪኤም (ዲስክን በሶፍትዌር የሚከፋፍል የሊኑክስ ዘዴ) የተዋቀረ ከሆነ ኢቱስክረብ የሚባል መሣሪያ አለ፤ በ2019 ከኤክስት4 መሣሪያዎች ጋር መጥቷል። ሥራ ላይ ያለውን ዲስክ ስናፕሾት ያነሳል፣ ኤፍኤስሲኬን የሚያስኬደው በስናፕሾቱ ላይ ነው። ስናፕሾቱ ሲነሳ ከርነሉ በቃሉ የያዘውን ጽፎ ለቅጽበት ቆም ስለሚል ውጤቱ የሚታመን ነው። ንጹሕ ከሆነ ማንም ሳያውቅ ሥራው አለቀ። ስህተት ካገኘ ፋይል ሲስተሙን ምልክት ያደርግበታል፣ በሚቀጥለው መነሳት ይመረመራል። ጸሐፊው የፈለጉት ነገር ይሄው አለ።

ኤልቪኤም ከሌለ ዳታው ያለበትን ፋይል ሲስተም ብቻ ማውረድ ይቻል እንደሆነ እዩ፤ ብዙ ጊዜ ሰርቨሩን በሙሉ ማጥፋት አያስፈልግም። የግድ ዋናው ከሆነም ሪስታርቱን ለምሳ ሰዓት አድርጉት። ኤክስት4 ጥቅም ላይ ያልዋለውን የመዝገብ ክፍል ዘልሎ ስለሚያልፍ ምርመራው ከኤክስት3 ዘመን በጣም ይፈጥናል። ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ ደግሞ፣ ከርነሉ ሎግ ላይ የማንበብ ኧረር እየወጣ ከሆነ ማለቴ ነው፣ ጥገናውን ተዉትና መጀመሪያ ወደ ሌላ ዲስክ ቅዱት። ጸሐፊው ባክአፕን መምከራቸው ጥሩ ነው፤ ብቻ ከጥገናው በኋላ ነው ያስቀመጡት፣ ቦታው ከፊት ነበር።

ጽሑፉን በሙሉ ያንሱት አልልም። ስለ ዩፒኤስ ባትሪ የጻፉት አንቀጽ እኔን በዚያን ጊዜ ደርሶኝ ቢሆን ኖሮ ያ አርብ አይመጣም ነበር። አራተኛውን ነጥብ ግን ዛሬውኑ ቢያወጡት፣ ወይም «ዲስኩን ካወረዳችሁ በኋላ» የሚል ቢጨምሩበት እለምናቸዋለሁ። ኮማንዱ ኮፒ ለማድረግ እንዲመች ሆኖ ነው የተጻፈው። ዛሬ ማታ መብራት ሄዶ የሚመጣበት ሰፈር አይጠፋም፤ ጠዋት ተነስቶ ያቺን መስመር የሚለጥፋትም ሰው አይጠፋም።